ኮከቡን ለማቆየት ስንት ይከፈላል? የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ የ2022 ውሳኔ

ጉዳዩ ባጭሩ

ማርች 23 ቀን 2022 የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የተጋጣሚ ተከላካዮችን እንቅልፍ ሲነሳ የኖረውን ፈጣን ተቀባዩን ለማያሚ ዶልፊንስ አሳልፎ ሰጠ። በምትኩ አምስት የድራፍት ተራዎችን፣ ማለትም አዳዲስ ወጣቶችን የመምረጫ ተራዎችን ተቀበለ። ማያሚ ወዲያውኑ ለተጫዋቹ የአራት ዓመት ተጨማሪ ውል ሰጠው፤ ጠቅላላው 120 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 72.2 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው ክፍያ ነበር። በአማካይ በዓመት 30 ሚሊዮን ይደርሳል። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአንድ ተቀባይ ይህን ያህል የከፈለ ቡድን አልነበረም።

ካንሳስ ሲቲ ኮከቡን በሰጠ በሁለቱ ተከታታይ የውድድር ዘመናት ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ ጉዳዩ በብዙዎች አንደበት “ሸጡት፣ ዋንጫ አነሱ” በሚል አጭር ታሪክ ይነገራል። ታሪኩ ሐሰት አይደለም፤ ዋንጫው እንዴት እንደመጣ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ርካሽ ተቀባዮች የኮከቡን ቦታ ሸፈኑ ይባላል። አልሸፈኑም። ቦታው ክፍት እንደሆነ ቀረ፤ ቡድኑ ያሸነፈው ገንዘቡንና ተራዎቹን ሌላ ቦታ ላይ በማዋሉ ነው። ጉዳዩን በዝርዝር መመዝገብ ያስፈለገኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰዎቹን በስም አልጠራም፤ በሥራ ድርሻቸው እጠራቸዋለሁ። ሁሉም የታወቁ ስለሆኑ ማንነታቸውን ማግኘት የፈለገ አይቸገርም። ከአንድ ቦታ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውንና ገንዘቡን ለማያውቅ አንባቢ

በአሜሪካ እግር ኳስ አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባኩ ነው፤ ሮጦ ከተከላካይ አምልጦ የሚቀልበው ተቀባዩ። ከተከላካዮቹ መካከል ከሁሉም ኋላ የሚቆሙት ሴፍቲዎች ይባላሉ፤ ሥራቸው ማንም ከጀርባቸው እንዳያልፍ መጠበቅ ነው። ይህን ያህል ካወቅን ለዚህ ጉዳይ ይበቃናል።

ገንዘቡ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። የደመወዝ ጣሪያ የሚለው አነጋገር ለኢትዮጵያ የስፖርት ተከታታይ እንግዳ አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የተስማሙበት የ50,000 ብር ጣሪያ ብዙ አነጋግሯል። ያ ግን ለእያንዳንዱ ተጫዋች የወር ደመወዝ የተቀመጠ ልክ ነበር። የአሜሪካው ሊግ ጣሪያ የሚገድበው የቡድኑን ጠቅላላ የተጫዋቾች ወጪ ነው። በ2022 ልኩ 208.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ለአንድ ሰው የፈለጉትን መስጠት ይቻላል፤ ለቀሩት የሚተርፈው ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ባለቤቱ ምንም ያህል ቱጃር ቢሆን ከኪሱ አውጥቶ ጣሪያውን መዝለል አይፈቀድለትም። በአውሮፓ እግር ኳስ ዓይን ይህን ነገር የሚመለከት ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ድራፍቱ ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣቶችን ቡድኖች በተራ ይመርጣሉ፤ ደካማው ቡድን መጀመሪያ፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ። የተመረጠው ወጣት የሚከፈለው በተራ ቁጥሩ መሠረት አስቀድሞ በተወሰነ ልክ ሲሆን ውሉም አራት ዓመት ነው። ወጣቱ ጎበዝ ሆኖ ከተገኘ ቡድኑ አራት ዓመት በቅናሽ ይጠቀምበታል። ተራዎቹ በቡድኖች መካከል እንደ ገንዘብ የሚመነዘሩት ለዚህ ነው።

ዳራ

ተቀባዩ በ2016 ድራፍት በአምስተኛው ዙር፣ በ165ኛ ተራ የተመረጠ ነው። በስድስቱም የውድድር ዘመናት ለኮከቦች ቡድን ተመርጧል። በሊጉ ውስጥ ፈጣን ሰው ሞልቷል፤ የእርሱ ልዩነት ፍጥነቱ ኳስ በሌለበትም ጊዜ መሥራቱ ነበር። እርሱ መሮጥ ሲጀምር ሁለት ተከላካይ አብሮት ይሄዳል፤ መሐሉ ለሌሎች ይለቀቃል።

በፌብሩዋሪ 2020 በተደረገው ሱፐር ቦውል፣ ማለትም በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ የሆነውን አንድ ቅጽበት ላንሳ። ካንሳስ ሲቲ ከሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ጋር እየተጫወተ 20 ለ10 እየተመራ ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ የቀረው ሰባት ደቂቃ ከ13 ሴኮንድ ነው። ሦስተኛ ሙከራ፣ የሚቀረው 15 ያርድ። ኳርተርባኩ ኳሱን እንደያዘ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ተቀባዩ በቀጥታ ወደ ፊት ሮጦ ሴፍቲውን ወደ መሐል ከሳበው በኋላ ድንገት ወደ ግራ ታጠፈ። ኳሱ በአየር ላይ ከ50 ያርድ በላይ ተጉዞ ሲወርድ በአጠገቡ አንድም ሰው አልነበረም። 44 ያርድ ተገኘ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ቡድኑ 21 ነጥብ አከታትሎ 31 ለ20 አሸነፈ፤ ከ50 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ዋንጫ። እንዲህ ያለ ነገር ያደረገን ተጫዋች ደጋፊ እንዴት አድርጎ በቁጥር ብቻ ይመዝነዋል?

በዚያው ዓመት በጁላይ ኳርተርባኩ አሥር ዓመት የሚያራዝም የ450 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ይህ ፊርማ የኋላውን ታሪክ ሁሉ ወሰነ ብል ማጋነን አይሆንም። ቡድኑ እስከ 2031 ድረስ ከጣሪያው ትልቁን ቁራሽ ማን እንደሚወስድ አውቆ ተቀመጠ።

በፌብሩዋሪ 2021 በታምፓ ቤይ ባካኒርስ 31 ለ9 ተሸነፈ። ኮከቡ ተቀባይ ሜዳ ላይ ነበር፤ ኳርተርባኩን የሚከልሉት የፊት መስመር ተጫዋቾች ግን ተጎድተው ስለነበር የሚወረውርበት ፋታ አላገኘም። ቡድኑ በዚያ ክረምት የፊት መስመሩን እንዳለ አፍርሶ ሠራው።

ከዚያ 2021 መጣ፤ ተጋጣሚዎችም መድኃኒቱን አገኙ። ሁለቱንም ሴፍቲዎች ወደ ኋላ ርቀው እንዲቆሙ አድርገው ረጅሙን ኳስ ዘጉ፤ አጭር አጭሩን ግን ለቀቁ። ቡድኑ የውድድር ዘመኑን በሦስት ድልና በአራት ሽንፈት ጀመረ። በኋላ አገግሞ 12 ለ5 (12 ድል፣ 5 ሽንፈት) ቢጨርስም የተቀባዩ ቁጥሮች የሆነውን ይናገራሉ፦ በ2020 የተቀበላቸው 87 ኳሶች 1,276 ያርድ አስገኝተው ነበር፤ በ2021 የተቀበላቸው 111 ኳሶች 1,239 ያርድ። ከ14 ያርድ በላይ የነበረው የአንድ ኳስ አማካይ ወደ 11 ወረደ። ሰውየው አልደከመም፤ ጨዋታው እርሱን ለመመከት ተለወጠ።

ችግሩ

በ2022 መጀመሪያ የተቀባዩ ውል የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። በ2019 የፈረመው የሦስት ዓመት የ54 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ በአዲሱ ገበያ ርካሽ ሆኗል። ቡድኑ ሊያቆየው ፈልጎ ድርድር ጀመረ፤ ንግግሩም ጥሩ እየሄደ ነበር።

ከዚያ ገበያው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተገለበጠ። የግሪን ቤይ ፓከርስ ትልቅ ተቀባይ ወደ ላስ ቬጋስ ሬይደርስ ተዛወረና በአማካይ በዓመት 28 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል አገኘ። በዚህ ቁጥር ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የውሉ የመጨረሻ ዓመታት ዋስትና የሌላቸው፣ አማካዩን ለማሳበጥ የተጻፉ ትልልቅ ድምሮች ነበሩባቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በእርግጥ የሚከፈለው በዓመት ከ23 ሚሊዮን በታች ነበር። የካንሳስ ሲቲው ተቀባይ ወኪል ግን የሚያየው ርዕሱን ነው፤ ወኪል ደግሞ ሥራው ይኸው ነው። ዋጋው ከ28 ሚሊዮን በላይ ተጠራ።

ቡድኑ ፊት የነበሩት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የተጠየቀውን ከፍሎ ማቆየት። ሁለተኛው በቀረው አንድ ዓመት ውል እያኮረፈም ቢሆን ማጫወት፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በኋላ ማየት። ሦስተኛው ዋጋው ጣራ በነካበት በዚያው ሰዓት መለወጥ።

የመጀመሪያውን መንገድ በቁጥር እንየው። የኳርተርባኩ የ2022 ድርሻ ከጣሪያው ወደ 36 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ተቀባዩ በአማካይ 30 ቢወስድ ሁለቱ ብቻ ከጣሪያው ሲሶ ይጠጋሉ። እርግጥ ነው ውሉ ሲጻፍ የመጀመሪያው ዓመት ድርሻ ዝቅ ይደረግና ዕዳው ወደ ፊት ይገፋል፤ የተገፋ ዕዳ ግን አይሰረዝም። ቡድን ውስጥ 53 ሰው አለ። የተከላካይ ክፍሉ ያን ጊዜም ቢሆን ሳስቶ ነበር፤ በጃንዋሪ 2022 ከሲንሲናቲ ቤንጋልስ ጋር በተደረገው የኮንፈረንስ ፍጻሜ (ወደ ሱፐር ቦውል የሚያሳልፈው ጨዋታ) 21 ለ3 እየመራ ቆይቶ በተጨማሪ ሰዓት 27 ለ24 የተሸነፈ ቡድን ነው። ተቀባዩ 28 ዓመት ሞልቶት ነበር። ጨዋታው በፍጥነት ላይ የተመሠረተ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ ማንም ዋስ አይሆንም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቡድኑ ለወኪሉ ልውውጥ እንዲፈልግ ፈቀደለት። ከማያሚም ከኒው ዮርክ ጄትስም ጋር በተራዎቹ ላይ መግባባት ተደረሰ፤ ምርጫው ለተጫዋቹ ተተወ፤ እርሱም ማያሚን መረጠ። እዚህ ላይ አሠራሩን አደንቃለሁ። ሁለት ገዢ ማቆም ዋጋውን ጠበቀለት፤ ተጫዋቹ ራሱ መምረጡ ደግሞ መለያየቱን ያለ ጠብ እንዲያልቅ አደረገ።

የመጡት ተራዎች በ2022 የመጀመሪያ ዙር 29ኛ፣ የሁለተኛ ዙር 50ኛ፣ የአራተኛ ዙር 121ኛ፣ በተጨማሪም በ2023 አንድ አራተኛና አንድ ስድስተኛ ዙር ነበሩ። በዚያው ዓመት ጣሪያ ላይም ወደ 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር ነው ጉዳዩን ትምህርት ያደረገው። ማንኛውም ደጋፊ የሚጠብቀው ቡድኑ በመጀመሪያው ተራ ሌላ ተቀባይ እንዲመርጥ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን 29ኛውንና 121ኛውን ከራሱ 94ኛ ጋር ደምሮ ለኒው ኢንግላንድ ሰጠና ወደ 21ኛ ወጣ፤ በዚያም ኮርነርባክ፣ ማለትም የተጋጣሚን ተቀባዮች የሚያሳድድ ተከላካይ መረጠ። ለዚህ ወጣት የአራት ዓመት ውል በጠቅላላ ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ፤ የሄደው ኮከብ በስድስት ወር የሚያገኘው ያህል። በ30ኛው ተራ ኳርተርባክ አሳዳጅ፣ በቀሩት ዙሮች ደግሞ ሴፍቲ፣ ላይንባከር (ከሴፍቲዎቹ ፊት መሐል ላይ የሚቆም ተከላካይ) እና ሌሎች ሁለት ኮርነርባኮች ተመረጡ። የተከላካይ ክፍሉ በአንድ ድራፍት ወጣት ሆነ።

ለተቀባዩ ቦታ የተመደበው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። አንድ ነባር ተቀባይ በአንድ ዓመት ውል፣ ሌላው በሦስት ዓመት የ30 ሚሊዮን ዶላር ውል መጡ። የማያሚው 50ኛ ተራ ወደ 54ኛ ዝቅ ተደርጎ አንድ ወጣት ተቀባይ ተመረጠበት። በመሐል የውድድር ዘመን ሌላ ተቀባይ በልውውጥ ተጨመረ።

ምን ሠራ

2022 ከተጠበቀው በላይ ሆነ። ቡድኑ 14 ለ3 ጨረሰ። ከኮከቡ ጋር በ2021 ያስቆጠረው 480 ነጥብ ነበር፤ ያለ እርሱ 496 አስቆጥሮ ከሊጉ አንደኛ ወጣ። ኳርተርባኩ 5,250 ያርድ ወርውሮ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ኳሱ ለብዙ እጆች ተከፋፈለ፤ ከሁሉም በላይ ግን ለነባሩ ታይት ኤንድ (ከፊት መስመሩ ጎን ተነስቶ ኳስም የሚቀበል ተጫዋች)፣ እርሱም 110 ኳስ ተቀብሎ 1,338 ያርድ አስመዘገበ። አሠልጣኙ ሁለቱን ሴፍቲዎች ለማለፍ መታገሉን ትተው የተለቀቀላቸውን አጭር ኳስ በደስታ ተቀበሉ።

በፌብሩዋሪ 2023 ከፊላደልፊያ ኢግልስ ጋር በተደረገው ሱፐር ቦውል አራተኛ ክፍለ ጊዜ የተቆጠሩትን ሁለት ተችዳውኖች (ኳሱን ከሜዳው መጨረሻ መስመር አልፎ በማድረስ የሚገኝ ትልቁ ነጥብ) በቅርበት ማየት ይጠቅማል። በሁለቱም ተቀባዩ ከዳር ተነስቶ ወደ መሐል የሚያቋርጥ መስሎ ይሮጣል፤ ተከላካዮቹ እርስ በርስ “አንተ ያዘው” ለመባባል ሲዞሩ እርሱ በድንገት ቆሞ ወደመጣበት ይመለሳል። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው ጥቂት ቆይቶ በግራ። ሁለቱም ኳሱን ሲቀልቡ በአምስት እርምጃ ርቀት ውስጥ የደረሰባቸው የለም። ሁለተኛዋን ያስቆጠረው በ54ኛ ተራ የተመረጠው ወጣት ነው፤ በሊጉ ያስቆጠራት የመጀመሪያዋ ተችዳውንም ይህችው ናት። ፍጥነቱ የጠፋው ቡድን በንድፍ ክፍተት ፈጠረ። ውጤቱ 38 ለ35።

የተከላካዮቹ ፍሬ የታየው በ2023 ነው። ቡድኑ በ2021 የተቆጠሩበት 364 ነጥቦች ነበሩ፤ በ2023 ወደ 294 ወረዱ፤ ከሊጉ ሁለተኛው ዝቅተኛ ቁጥር። በ21ኛው ተራ የተመረጠው ኮርነርባክ የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ።

ኖቬምበር 5 ቀን 2023 በጀርመን ፍራንክፈርት ካንሳስ ሲቲና ማያሚ ተገናኙ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኮከቡ አጭር ኳስ ተቀብሎ ለመሮጥ ዞር ሲል፣ በእርሱ ምትክ በተገኘው ተራ የተመረጠው ያው ኮርነርባክ ደርሶ ኳሷን ከክንዱ ፈልቅቆ አስጣለው። አንድ ተከላካይ አነሳት፤ ሊወድቅ ሲል ለጓደኛው አቀበላት፤ በዚያው ድራፍት የተመረጠው ሴፍቲ 59 ያርድ ሮጦ ተችዳውን አደረጋት። ካንሳስ ሲቲ በመጨረሻ 21 ለ14 አሸነፈ፤ ልዩነቱ ያቺው ኳስ ናት። አንድ ጨዋታ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሆኖም የልውውጡን ሒሳብ ከዚህ ይበልጥ አፍታትቶ የሚያሳይ ቅጽበት አላየሁም።

በጃንዋሪ 2024 ደግሞ በጥሎ ማለፍ ተገናኙ፤ በካንሳስ ሲቲ ሜዳ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ብርድ። ማያሚ በጨዋታው ያገኘው ብቸኛ ተችዳውን የኮከቡ የ53 ያርድ ነበር። 26 ለ7 ተሸነፉ። ካንሳስ ሲቲ ከዚያ ሄዶ ሳን ፍራንሲስኮን በተጨማሪ ሰዓት 25 ለ22 አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ።

ምን አልሠራም

የማጥቃት ክፍሉ በ2023 ታመመ። 496 የነበረው ነጥብ ወደ 371 ወረደ፤ ከሊጉ መሐል ገባ። አንድም ተጫዋች 1,000 ያርድ አልሞላም። በመጀመሪያው ጨዋታ ከዲትሮይት ጋር ከተቀባይ እጅ ነጥራ የወጣች ኳስ ተጠልፋ ተችዳውን ሆነችና ቡድኑ 21 ለ20 ተሸነፈ። በኖቬምበር ከፊላደልፊያ ጋር በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጨዋታውን የምትቀለብስ ረጅም ኳስ በቀጥታ እጁ ላይ አርፋለት ተቀባዩ ለቀቃት፤ ይህ በሦስት ዓመት የ30 ሚሊዮን ዶላር ውል የመጣው ሰው ነው። በዲሴምበር ከበፋሎ ጋር ያስቆጠሩት ድንቅ ተችዳውን አንድ ተቀባይ ከመስመር ቀድሞ በመቆሙ ተሰረዘ። በተቀባዮች እጅ ያመለጡ ኳሶች ብዛት በዚያ ዓመት የከተማው መነጋገሪያ ነበር።

በማያሚ ተራ የተመረጠው ወጣት ተቀባይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእያንዳንዱ 250 ያርድና ከዚያ በታች አስመዘገበ። ከዚያች የሱፐር ቦውል ተችዳውን ውጪ ጠብ ያለ ነገር የለም። በገበያ የመጡትም ቢሆኑ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኑ። በቦታው ተስፋ የሰጠው በ2023 በሁለተኛ ዙር የተመረጠው ሌላ ወጣት ሲሆን በመጀመሪያ ዓመቱ 938 ያርድ አገኘ።

ስለዚህ ኮከብ ተቀባይ በቀላሉ ይተካል የሚለው ድምዳሜ ከዚህ ጉዳይ አይወጣም። በሦስት የተለያየ መንገድ፣ በገበያ፣ በድራፍትና በልውውጥ፣ ሊተኩት ሞከሩ፤ ሦስቱም በቂ አልሆኑም። የ2022 ቁጥር ማረሚያው የ2023 ቁጥር ነው። ቡድኑን የታደገው ተጋጣሚን በ17 ነጥብ አካባቢ የሚያቆም ተከላካይ ክፍል መኖሩና በሰዓት ማለቂያ የማይደነግጥ ኳርተርባክ ነው።

ገዢው ወገንስ?

ማያሚ ተታለለ የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ተጫዋቹ በ2022 1,710፣ በ2023 1,799 ያርድ አስመዘገበ፤ የሁለተኛው ዓመት ቁጥር የሊጉ አንደኛ ነው። በሴፕቴምበር 2023 ማያሚ በዴንቨር ላይ 70 ነጥብ አስቆጠረ። ወጣቱ ኳርተርባካቸው ገና በድራፍት ውሉ ላይ ስለነበር ክፍያውን መሸከም ይችሉ ነበር። የተከፈለው ዋጋ ለሁለት ዓመት ሙሉ ሥራውን ሠራ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። የውሉ የመጨረሻ ዓመት ከ40 ሚሊዮን በላይ የሆነ፣ ማንም ይከፈላል ብሎ ያላሰበው ድምር ነበረበት። በኦገስት 2024 ውሉ በሌላ ተተካ፤ የሦስት ዓመት 90 ሚሊዮን፣ 54 ሚሊዮኑ በዋስትና። ተጫዋቹ 30 ዓመት ሞልቶት ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን ቁጥሩ ወደ 959 ያርድ ወረደ፤ በሴፕቴምበር 2025 ከባድ የጉልበት ጉዳት ደረሰበት። የመጀመሪያው ውል ለማያሚ ጥሩ ግዢ ነበር፤ ሁለተኛው ለትናንት የተከፈለ ገንዘብ ነው።

በአነሳሱ የሚመስል፣ በውጤት የሚለይ ጉዳይ

ከካንሳስ ሲቲ ልውውጥ በኋላ አንድ ወር ቆይቶ፣ በድራፍቱ ምሽት፣ ቴነሲ ታይታንስ ጠንካራ ወጣት ተቀባዩን ለፊላደልፊያ ሰጠና 18ኛና 101ኛ ተራ ተቀበለ። ምክንያቱ ያው ነበር፤ የተጠየቀው ዋጋ ከበደው። በ18ኛው ተራ ሌላ ተቀባይ መረጠ፤ እርሱም በመጀመሪያ ዓመቱ 444 ያርድ ብቻ አገኘ። የሄደው ሰው በፊላደልፊያ 1,496 ያርድ አስመዘገበ። በዲሴምበር 2022 ከቀድሞ ቡድኑ ጋር ሲገናኝ ሁለት ተችዳውን አስቆጠረበት፤ 35 ለ10 አለቀ። በሁለተኛው ቀን የቴነሲ ዋና ሥራ አስኪያጅ ከሥራ ተሰናበቱ። ቡድኑ የዓመቱን የመጨረሻ ሰባት ጨዋታዎች አከታትሎ ተሸንፎ 7 ለ10 ጨረሰ።

የሰጠው ተጫዋች ገና 24 ዓመቱ ነበር፤ ከካንሳስ ሲቲው በአራት ዓመት ያንሳል። ኳርተርባኩ ደግሞ በዙሪያው ያለውን ጉድለት ብቻውን የሚሸፍን ዓይነት አልነበረም። ፊላደልፊያ በበኩሉ በድራፍት ውል ላይ ያለ ርካሽ ኳርተርባክ ስለነበረው ተቀባዩን ለመክፈል ዕዳው ገብስ ነበር። ያው ተቀባይ በፌብሩዋሪ 2025 ፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ22 አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን ሜዳ ላይ ነበር።

ለሌላ ቡድን የሚተርፍ

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ኳርተርባኩ ስንት እንደሚወስድ ይመስለኛል። ርካሽና ጎበዝ ኳርተርባክ ያለው ቡድን ለኮከብ ተቀባይ መክፈል አለበት፤ ከሦስትና አራት ዓመት የማያልፍ ዕድል ስለሆነ። ውዱን የፈረመ ቡድን ደግሞ ኳርተርባኩ ያን ያህል የሚከፈለው ተራ ተቀባዮችን ይዞ እንዲያሸንፍ እንደሆነ ማመን አለበት፤ ካላመነ የመጀመሪያው ፊርማ ራሱ ስሕተት ነበር።

ሁለተኛው የዕድሜ ነገር ነው። የ24 ዓመት ልጅ የሚጠይቀውና የ28 ዓመት ሰው የሚጠይቀው በወረቀት አንድ ቢመስልም የሚገዛው ነገር ይለያያል። ለመጀመሪያው የሚከፈለው ለሚመጣው ጊዜ ነው።

መሸጥ ካስፈለገም ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረውና ፈላጊው ሁለት ሲሆን ይሻላል። የተገኘውን ተራ በዚያው ቦታ ላይ ማዋል ግን ግዴታ አይደለም። ቴነሲ ተቀባይ ሰጥቶ ተቀባይ ገዛ፤ ሁሉም ሰው አዲሱን ከአሮጌው ጋር እያስተያየ ልጁን ጎዳው። ካንሳስ ሲቲ ተቀባይ ሰጥቶ ተከላካይ ገዛ። በተቀባይ ገበያ ላይ ዋጋው ሲንር፣ በዚያ ገንዘብ ሌላው ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚገዛ ማስላት የሥራ አስኪያጁ ሥራ ነው፤ ደጋፊው ሊያስበው አይችልም፣ ሊጠየቅበትም አይገባም።

ስለ ዋጋ ንረት አንድ ነገር ልጨምር። በ2025 የሲንሲናቲ ኮከብ ተቀባይ በአማካይ በዓመት 40.25 ሚሊዮን ዶላር የሚያገኝበትን ውል ሲፈርም ብዙዎች ገበያው አበደ አሉ። የዚያ ዓመት ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ነበር፤ ድርሻው 14.4 በመቶ ይሆናል። የማያሚው 30 ሚሊዮን በ2022ቱ 208.2 ሚሊዮን ላይ ሲሰላ ያው 14.4 በመቶ ነው። ዋጋው በድርሻ ሲለካ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሲንሲናቲ ግን በዚያው ሰሞን ለሁለተኛ ተቀባዩም በአማካይ 28.75 ሚሊዮን ፈረመ፤ ኳርተርባኩ በአማካይ 55 ሚሊዮን ይወስዳል። ሦስቱ ሲደመሩ 124 ሚሊዮን፣ ከጣሪያው 44 በመቶ ገደማ። በቀረው 155 ሚሊዮን ሃምሳ ሰው፣ ከእነርሱም ውስጥ ሙሉ የተከላካይ ክፍል መከፈል አለበት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያው ኮከብ ተቀባይ በያርድም፣ በተቀበላቸው ኳሶች ብዛትም፣ በተችዳውንም ከሊጉ አንደኛ ወጥቶ ቡድኑ ጥሎ ማለፍ አልገባም ነበር።